የሸዋንዳኝ ሃያ ካርዶች

ፀዳለ ኦይታ አለቃዋን መናቅ የጀመረችው ሥራ በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያን ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሸዋንዳኝ መጻሕፍቱን በሙሉ ከመደርደሪያ አስወርዶ በቁመት አሰለፋቸው፤ ረጃጅሞቹ በግራ፣ አጫጭሮቹ በቀኝ። እርሻው ከሕጉ፣ ሕጉ ከልጆች ተረት ጋር ተደባልቆ ቆመ። «አሁን ዓይን ይስባል» አለና እጁን አራግፎ ለምሳ ወጣ። ፀዳለ ያንን ሁሉ ወደየቦታው ለመመለስ አንድ ወር ፈጀባት። እሱ መጻሕፍቱ ወደየቦታቸው መመለሳቸውንም ልብ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አልፏል። በታሪክ ዲግሪዋን ይዛ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ምደባው ቅጣት መስሏት ነበር። እያደር ግን ሥራው ገባት፤ ወደደችውም። ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ከሸቻ ቁልቁል የዓባያን ሐይቅ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አንባቢ መጽሐፉን በደራሲው ስም የሚያገኝበትን የካታሎግ ካርድ ለየመጽሐፉ ስትጽፍ፣ በካርዱ ጥግም እንደ ሙያው ልማድ «ፀ.ኦ.» ብላ ስሟን ስታሳጥር ቀኑ ሳይታወቃት ይመሽ ነበር።

ሰውዬውን ያለ በደሉ ናቀችው የሚል ካለ ሸዋንዳኝን አያውቀውም። አርባ ምንጭ አሥራ አራት ዓመት ኖሮ በጋሞኛ «እንደምን አደርክ» ማለት አልተማረም። የሚፈርመውን ወረቀት አያነብም። አንድ ቀን ልትፈትነው ብላ «ለንባብ አዳራሹ ሃምሳ ኪሎ የጫሞ ሐይቅ አምባዛ ዓሣ ይገዛልን» የሚል መጠየቂያ ጽፋ ከሌሎች ወረቀቶች መሃል ሸጎጠችለት። ቀና ሳይል ፈረመ። ወጥታ ቀዳደደችውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ከአሰፋሽ ጋር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በ1982 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ማስታወቂያ መጣ። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ መማር የሚፈልግ ያመልክት ይላል። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃ፣ በእጁ ወይም በእሱ ኃላፊነት የተሠሩ ሃያ ካርዶች፣ እንዲሁም ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ደብዳቤው ከአንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው መምሪያ ኮሚቴ ይወስናል። ፀዳለ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሕይወቷ ምንም ነገር እንዲህ አምሯት አያውቅም።

ሸዋንዳኝንም አማረው። ሙያው አይደለም፤ አዲስ አበባ።

«ፀዳለ፣ ነይ እስቲ» አላት በማግስቱ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ወፍራም የካታሎግ መመሪያ ተዘርግቷል። «ሃያዎቹን ካርዶች አንቺ ትሠሪልኛለሽ። እስከ ዛሬ እንደምትሠሪው ግን አይደለም። እዚህ ጋ ምን ይላል? የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የራስ ስም ይከተላል። ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው።»

«የእኛ አገር ደራስያንም?»

«የእኛ አገር ደራስያን ከዓለም ውጪ ናቸው እንዴ?»

ፀዳለ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ኦይታ አባቷ ነው እንጂ እሷ አይደለችም፤ አንባቢም መጽሐፍ የሚጠይቀው በደራሲው በራሱ ስም ነው። ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አሰፋሽም ታውቀዋለች። ግን አፏን መልሳ ዘጋችው። የራሱ ጉዳይ፣ ይስመጥ አለች በልቧ።

ካርዶቹን እንዳዘዛት ሠራች። ሮማነወርቅ ሽበሺ የምትባለው ደራሲ «ሽበሺ፣ ሮማነወርቅ» ሆነች። ስለ እርሻ የጻፈው አስናቀ ወልደሥላሴ ደግሞ «ሥላሴ፣ አስናቀ ወልደ» ተብሎ ሥላሴ ሥር ገባ። የአባትየውን ስም ለሁለት መሰንጠቁ ሸዋንዳኝ ያላዘዘው፣ የራሷ ምርቃት ነበር። አዲስ አበባ ያሉት መምህራን ይህን ሲያዩ የሚሆኑትን እያሰበች ብቻዋን ሳቀች። እጇ እንደለመደው በየጥጉ «ፀ.ኦ.» ብላ ጻፈችና ለሸዋንዳኝ ሰጠችው።

ከዚያ የራሷን ሃያ ካርዶች በትክክል ሠርታ ከማመልከቻዋ ጋር አያያዘችና ለሸዋንዳኝ አቀረበችለት፤ ያለ ኃላፊ ፊርማ ኮሚቴው አይቀበልማ። አላመነታችም። እሱ ምን ያነባል! በሁለተኛው ቀን ተፈርሞ ተመለሰላት።

ኮሚቴው ሐሙስ ሁለቱንም አመልካቾች አስጠራ። ሰብሳቢዋ ጓድ አገርነሽ፣ የመምሪያው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ መነጽሯን አስተካክላ የሸዋንዳኝን ሃያ ካርዶች ወደ ፀዳለ ገፋች።

«የእጅ ጽሑፍሽ ነው?»

ነው። ግን በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የደራሲው ስም በቀይ ተሰርዞ ትክክለኛው ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ በሸዋንዳኝ እጅ «በኃላፊው ታርሟል» ይላል። ፀዳለ ፊቷ ጋለ። ለካ አንብቧል። የእሷን ካርዶች ከእሱ ካርዶች ጎን አስቀምጦ ትክክለኛውን ስም አንድ በአንድ ከእሷ እያየ ገልብጧል። ለአምባዛ አላነበበም፤ ለአዲስ አበባ ግን አነበበ።

«እሳቸው አዘውኝ ነው» አለች።

«እኔ መመሪያውን ነው ያሳየኋት» አለ ሸዋንዳኝ ረጋ ብሎ። «ወልደሥላሴን ለሁለት ሰንጥቂው አላልኳትም። ደግሞ ይኸው፣ ካረምኩላት በኋላ የራሷን አስተካክላ ሠርታለች። ልጅቱ ቶሎ ይገባታል።»

«እንግዲህ ጓድ ፀዳለ» አለች ሰብሳቢዋ፣ «ስህተት መሆኑን ሳታውቂ ሠርተሽው ኋላ ከታረምሽ፣ ነገሩ የችሎታ ማነስ ነው። እያወቅሽ ካበላሸሽው ግን አሻጥር ነው፤ ጉዳዩም ከእኛ ያልፋል። የትኛው ነው?»

የፀዳለ አባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ምዕራብ ዓባያ ያለው ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ሲታሸግ ዘጠኝ ወር ታስሯል፤ ይህም በእሷ የግል ማኅደር ውስጥ ተጽፎ፣ እዚያው አገርነሽ ክርን ሥር ተቀምጧል። እንዲህ ካለ ቤት የወጣች ልጅ ላይ አሻጥር የሚለው ቃል ከተጨመረ ምን እንደሚከተል ለማንም መንገር አያስፈልግም። እሷ ብቻ ብትሆን ምናልባት ትደፍር ነበር። አባቷን ግን ዳግመኛ በፖሊስ ማስወሰድ አትችልም። «አረምኳት» ብሎ የማምለጫውን በር የከፈተላት ደግሞ ሸዋንዳኝ ራሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ ነበር። ቀና ብላ አየችው። አልሳቀባትም። እንደ ደግ አስተማሪ በይሁንታ አንገቱን ነቀነቀላት።

«አላውቅም ነበር» አለች ፀዳለ።

«ማን አረመሽ?»

«አቶ ሸዋንዳኝ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ጮክ በይ» አለች አገርነሽ ብዕሯን አንስታ፣ «ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነው።»

ፀዳለ ጮክ ብላ ደገመችው።