የሞተ የማይመለስበት ክፍል

ማርም ሲበዛ ይመራል። ስምንት ጊዜ ወድቆ ስምንት ጊዜ የተነሳ፣ በተነሳ ቁጥርም አንድ ከተማ የሚያፈርስ ጀግና ዘጠነኛ ክፍል ይዞ ሲመጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ፖስተር ቆሞ ያየው ሰው ከጣት ቁጥር አያልፍም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ መጣና እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከላይ እስከ ታች ሲያየው ቆየ። ይሄ ሰውዬ ጡረታ የሚባል ነገር አልሰማም እንዴ ብሎም ጠየቀ። የሚመልስለት ሲያጣ ገባ። እሱ እንዲያ ነው፤ እያማ ይገባል፣ እያማ ይወጣል፣ በማግስቱ ደግሞ የሰው ጭንቅላት በእጁ ይዞ ፊልሙን ከነቅሬታው ይተርካል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ጊዜ ወንበር ያጣ ሰው መስኮት ላይ ይንጠለጠል ነበር። አክተሩ፣ ያው ጀግናው፣ ሲመታ ቤቱ ያቃስታል፣ ሲማታ ቤቱ ይነሳል። አክተር እንደማይሞት ማንም ያውቃል፤ እያወቀም ይጨነቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። አክተሩ አይሞትም፣ እሺ። ወንድሙ ሞቶ ተመለሰ። መምህሩ ሞቶ ተመለሰ። አምስተኛው ክፍል ላይ አመድ የሆነው ጠላት በሰባተኛው ፂሙን ተላጭቶ መጣ። ያኔ ሰው አኮረፈ። አልቅሶ የቀበረውን ሰው በማግስቱ በር ላይ ቆሞ ያገኘ መጀመሪያ ይደሰት ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ግን እንባዬን መልሱልኝ ማለቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ በሰው ጆሮ ያስገባው ተርጓሚው ነው። ፊልሙ የሚመጣው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ፣ ነጭ ከተቀባው ግድግዳ ግራ ጥግ ማይክ ይዞ ይቀመጥና ከስር ከስር እያለ ይናገራል። አንድ ማይክና ሁለት ወንበር ነበር። ወንዱን፣ ጭራቁንና ፍንዳታውን እሱ ይሠራል፤ ሴቷን፣ ሕፃኑንና የሚያወራውን ኮምፒውተር ሚስቱ ትሠራ ነበር። ማይኩን እየተቀባበሉ ሲናገሩ ሰው ተርጓሚ መኖሩን ይረሳ ነበር። አክተሩና አክተሯ ሲጣሉ ደግሞ፣ የቤታቸውን ጠብ እዚህ አምጥተው ነው የሚጨርሱት ተብለው ይታሙ ነበር። ሐሜቱ ውሸት አልነበረም። አንድ ጊዜ አክተሯ፣ አንተ ሰው መቼ ነው ጣራውን የምታሠራው ብላ ጠይቃለች። በፊልሙ ውስጥ ጣራ አልነበረም።

ስድስተኛው ክፍል ላይ አክተሯ ድልድይ ተደርምሶባት ሞተች። ሚስቱ ያንን ሞት ስትሞት ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እሷ ማይኩን አጥፍታ ጎኑን በክርኗ ጎሸም አደረገችውና፣ እንግዲህ እኔ እረፍት አገኘሁ፣ የቀረውን አንተ ታገል አለችው። ከዚያ ታመመች። ሰባተኛው ክፍል ሳይመጣ ሄደች።

ሄደች የሚለው ቃል የእሱ ነው። ጎረቤቱ አረፈች ይላል፣ እህቷ ሞተች ትላለች፤ እሱ ግን ከሄደች ወዲህ፣ ስትሄድ፣ ሳትሄድ በፊት ከማለት ንቅንቅ አላለም። ሰው ምን ያደርጋል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ብሎ ተወው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ክፍል ላይ አክተሯ ስላልነበረች ብቻውን ተወጣው። አንዳንድ ሻጭ፣ አንዳንድ ነርስ ብቅ ስትል ድምፁን ሳይቀይር ያልፋታል፤ ሰውም እያዛጋ ስለሆነ ልብ አላለውም።

ሥራውንም ማጣጣል የጀመረው ያኔ ነው። በፊት ፊልሙን አስቀድመው ቤታቸው አልጋ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር፤ እሷ እየሳቀች፣ እሱ እያቆመ እየመለሰ። ብቻውን ማየቱ አስጠላውና ሳያይ መግባት ለመደ። ምን ያመልጠዋል? ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ከተማ ይፈርሳል። ተኝቶም ቢሆን ይተረጉመዋል።

የቪዲዮ ቤቱ ጌታ በር ላይ ቆሞ ራስ ስለሚቆጥር ቆጣሪው ይሉታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሚቆጥረው አጥቶ እዚያው በሩ ላይ ለተርጓሚው ቁርጡን ነገረው። ክፍል ዘጠኝ ሰው ካላመጣ ፊልም የሚባል ነገር ያበቃል፤ ኳስ ያስገባል፤ ኳስ ደግሞ ተርጓሚ አይፈልግም። ተርጓሚው እሺ ብሎ ገባ። ሌላ የሚሄድበት ቤት እንደሌለው ቆጣሪውም እሱም ያውቃሉ። ከማይኩ ሌላ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ነገር አልነበረውም።

ፊልሙ እንደተፈራው ነበር። አክተሩ በረረ፣ ተከሰከሰ። ከፊት የተቀመጡት ቃሉን ከተርጓሚው አፍ እየነጠቁ ቀድመው ይጨርሱለታል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ይሄን ከተማ መልሶ የሚሠራውን ግንበኛ ነው ማየት የምፈልገው አለ። ሁለት ሰዎች ወጡ። ከዚያ አክተሩ ጨለማ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ በሩ ተከፈተና ዝናብ የመታት ሴት ገባች።

አክተሯ ነበረች።

ከኋላ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን መታ፤ ብዬ ነበር፣ ይቺም መጣች አለ። ሌላው ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ አመራ። ግድግዳው ላይ የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ተርጓሚው እጁ ከሐሳቡ ቀድማበት ማይኩን ወደ ቀኙ፣ ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋው። የሚቀበለው የለም። ሴትየዋ ትናገራለች፣ እሱ ማይኩን እንደዘረጋ ነው።

«ጋሼ፣ ምን አለች?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ማይኩን ቀስ ብሎ ወደ አፉ መለሰው።

«ምንም አላለች» አለ። «ይቺ እሷ አይደለችም። እሷ ሞታለች።»

ቃሉ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ቤቱን ዞረውና ለራሱ ጆሮ ደረሰ። ሚስቱ ከሄደች ጀምሮ ከአፉ ያልወጣ ቃል ነው። ወደ በሩ ያመራው ሰው ቆመ። ግድግዳው ላይ አክተሩ ተነስቶ ሴትየዋን አቀፋት፤ ተርጓሚውም ወደኋላ ማለት አልቻለምና ቀጠለ። ትመስላታለች እንጂ አይደለችም፣ አክተሩም ያውቀዋል፣ ግን በዝናብ የመጣን እንግዳ አያባርሩም አለ። ሁለቱ ገበታ ቀረቡ። ከእንግዳ ጋር መብላት ብቻን ከመብላት ይሻላል ብሎ ነው አለ። ሴትየዋ የአክተሩን ፊት በመዳፏ ስትይዝ ግን ማይኩን ጭኑ ላይ አወረደው።

ባለ ኮቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሲፈርስ ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው የአክተሩን ፊት ነበር። አንዱ ቀስ ብሎ ምስኪን አለ። በስንት ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተ ሰው ሞቶ ቀረ። ሰውም ሲፈልገው የኖረው እሱን ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ እጁን ተርጓሚው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፤ ምንም ሳያማ ወጣ። ቆጣሪው ግን በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር። ሰው አለቀሰ እኮ አለው፤ ነገ ወንበር መከራየት ሳይኖርብኝ አይቀርም፣ ኳሱ ይቅር፣ አንተ ብቻ ጉሮሮህን ጠብቅ። ከዚያ ክንዱን ያዝ አደረገው።

«ነገም እንዲሁ አድርገህ ግደልልኝ።»

ተርጓሚው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ናፈቀችው። ሁልጊዜም ትናፍቀዋለች፤ የዛሬው ግን ሌላ ነበር፤ የዛሬው ተስፋ የሌለበት ናፍቆት ነው። እስከ ትናንት የሆነ ቦታ ሄዳ ነበር። የት እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ሄዳ ነበር። አሁን በገዛ አፉ፣ ያውም በድምፅ ማጉያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ቀበራት፤ ነገ ደግሞ ይቀብራታል፤ ሰው እስከመጣ ድረስ በየቀኑ። በአንድ ቃል ሥራውን አዳነ፣ በዚያው ቃል ቤቱን አፈረሰ። ከአክተሩ በምን ተሻለ?

ወሬ እግር አለው፤ የፀጉር አስተካካዩ ወሬ ደግሞ ክንፍም አያጣም። በማግስቱ የሞተ የማይመለስበት ክፍል መጥቷል ተባለና ሰው ግር ብሎ መጣ። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ የራቁ ሁሉ ሚስቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ቆጣሪው መቁጠሩን ትቶ ሰውን በጎን በጎን ያስገባ ጀመር። ባዶው ወንበር ላይ እንኳን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀመጡ፤ ተርጓሚው ማይኩን ሰብስቦ ወደ ጥጉ ጠጋ አለላቸው።

አክተሩ በረረ፣ ተከሰከሰ፤ ማንም አላዛጋም፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። አክተሩ ጨለማ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። በሩ ተከፈተ። ሴትየዋ ገባች፤ የቤቱ ዓይን በሙሉ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ግራው ጥግ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ ከጎኑ ያለውን ሰው፣ አሁን ስማ አለው።

ተርጓሚው ማይኩን ወደ አፉ አቀረበ። የሚለውን ያውቀዋል፤ ሁለት ቃል ነው፤ ትናንት ብሎታል። ሴትየዋ በሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበች ቆማለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ብዙ ቆየሁብህ?» አለ።

ድምፁን አላቀጠነውም። ግን አነጋገሩ የሷ ነበር፤ ያ ቃሉን መጨረሻ ላይ ሳብ የሚያደርግ፣ ጥፋቷን ስታውቅ የምትናገረው አነጋገር። ከየት እንደመጣ አላወቀም። የት ነበርሽ አለ አክተሩ። ጣራው ያፈሳል ወይ ብዬ ነው የመጣሁት አለች። ያፈሳል አላት፤ አላሠራሁትም።

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ኤጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ወንበር መንቋቋት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ትናንት ሞታለች ብለኸን አልነበር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። የተናደደ አይመስልም፤ የተከዳ ይመስላል።

ተርጓሚው አልሰማውም። ብትሞትም ባትሞትም ትቆጣለች፤ ጫማህን አውልቅ ትላለች፣ ከስታሃል ትላለች፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነው የምትበላው ትላለች፤ እሱም ማይኩን ከራሱ ለራሱ እያቀበለ ይመልስላታል። ሰው በጀርባው እያለፈ ይወጣል። ውሸታም ያለም አለ። ደግሞ ሊያታልሉን ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ምን ዓይነት ጊዜ ነው የመጣው ተባለ። ወፍራሟ ሴትዮም ተነሱ። ፀጉር አስተካካዩ እስከ መጨረሻው ቆየና፣ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

ግድግዳው ላይ አክተሩና አክተሯ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ውጊያው ገና አልመጣም። ቆጣሪው በባዶዎቹ ወንበሮች መሃል መጥቶ ተርጓሚው አጠገብ ቆመ፤ ይቆጣ እንደሆነ ያዝን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

«ለማን ነው የምትተረጉመው አሁን?» አለው።

ተርጓሚው ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ ማይኩን በመዳፉ ከደን አደረገው።

«ቆይ አንዴ» አለ፤ «እያወራች ነው።»