የላሉት ብሎኖች

የሆካይዶ ደሴቱ ሽማግሌ ኩራሞቺ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ሰውየው ከተራራው ማዶ የሚኖረው ኢዋቡቺ ነው፤ ወሬያቸውም በመገናኛ ሬዲዮ። ለዓመታት ሲያወሩ ተያይተው አያውቁም።

ሬዲዮውን የሠራው ሰው ግን የኩራሞቺ ጠላት ሳይሆን አይቀርም። አንዲት የተቃጠለች የውስጥ አምፖል ለመቀየር ሆድ ዕቃውን በሙሉ መዘርገፍ ግድ ነበር። ኩራሞቺ ሲዘረግፈው ጥቃቅን ብሎኖች ላልተው አየና «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው!» እያለ አንድ ባንድ አጠበቃቸው። ለካ የላሉት ሆን ተብሎ ነው፤ ብሎኖቹ የሬዲዮው ሞገድ መቃኛ ኖረዋል! ሬዲዮው ደነቆረ፤ ዲዳም ሆነ።

በሳምንቱ ጥቁር ክራባት ያሰረ ሰው በሩን አንኳኳ።

«ኢዋቡቺ ነኝ፤ ለቅሶ ልደርስ...» በሩን የከፈተው ኩራሞቺ «ግባ!» ሲል ኢዋቡቺ ድምፁን ዐውቆ ክው አለ። «አንተ! ሳምንት ሙሉ ድምፅህ ጠፍቶ... አልሞትክም እንዴ?»

«ኧረ ብሎን አጥብቄ ነው።»

«ሁሉንም?»

«አንድ አላስቀረሁም።»

«የቱ ምን ያህል ላልቶ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማን ልብ ብሎ!»

«በቃ፣ ይኼን ማንም አያድነውም። ብትሞት ይሻል ነበር!»

ሳቁ። ሻይ ይዘው ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን ወሬ ጠፋ። አንዱ ጣሪያ፣ ሌላው ምንጣፍ ሲያይ ቆየና ኢዋቡቺ ተሰናብቶ ወጣ።

ወዲያው ሬዲዮው ተንጫጫ። «አንተ ብሎን አጥባቂ፣ ትሰማለህ?» ኢዋቡቺ ደጅ ከቆመው መኪናው ሆኖ በመኪናው ሬዲዮ ነበር የሚጣራው፤ ከዚህ ቅርበት ደንቆሮም ይሰማል። ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሟች ሚስቶቻቸው አወጉ። ሊመሽ ሲል መኪናው ተነሣ።

«እያወራህ ሸኘኝ» አለ ኢዋቡቺ።

ኩራሞቺ እያወራ ሸኘው። የወዳጁ ድምፅ ድልድዩ ጋ ቀጠነ፣ ዳገቱ ላይ ሹክሹክታ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ።