ይልቃል የከሳበት ዓመት

ነፃነት ሻንጣዋን እየገፋች ከዶሃ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጣ ባሏን አልፋው ሄደች። ዓይኗ የሚፈልገው ሸሚዙ ሆዱ ላይ የሚወጠረውን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቀነቀውን ይልቃልን ነበር። ከኋላዋ ስሟ ሲጠራ ዞረች። ድምፁ የእሱ ነው። የቆመው ሰው ግን ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንገቱ ለኮሌታው ቀጥኗል። ሲያቅፋት የትከሻው አጥንት ወጋት።

«አላወቅሽኝም አይደል?» አላት እየሳቀ። ከመክሳቱ ይልቅ ደስ ማለቱ አስደነገጣት።

ወሩ ሰኔ ነው፣ 1990 ዓ.ም.። ይልቃል የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ሆኖ ኳታር ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚስቱ ቪዛ የወጣው ገና አሁን ነው። በስልክ «ትንሽ ቀንሻለሁ» ብሏት ነበር። ስልክ ውድ ስለሆነ ነገሩ በዚያው ታለፈ፤ ፎቶ ላክልኝ ስትለው ደግሞ መጥተሽ ታዪኛለሽ ይላታል። ሊያስደንቃት ማሰቡ ነበር።

መኪናው ውስጥ እሱ ስለ ሙቀቱና ስለ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ስለ ኢቃማዋ፣ ሲያወራ እሷ የምታስበው ወንድሟን ሉቃስን ነበር። ሉቃስም መክሳት የጀመረው ከጉንጩ ነው። የሥራ ብዛት ነው ይል ነበር። በዓመቱ ቀበሩት፤ የሞተበትንም በሽታ ስም ቤተ ዘመዱ እስከ ዛሬ ጮክ ብሎ አይጠራውም።

ሙሸይሪብ ሰፈር ውስጥ ወዳለችው ጠባብ ቤታቸው ገቡ። ከአገር ቤት ባመጣችው ቅቤ ወጥ ሠራች። ይልቃል ቅቤውን በማንኪያ ወደ ዳር ገፍቶ ከግማሽ ኹብዝ ቂጣ ጋር ጥቂት ቀመሰና ጠገብኩ አለ። መታጠቢያ ቤት ሚዛን አለችው፤ ጠዋት ይወጣባታል፣ ከሥራ ሲመለስም ይወጣባታል። ሁለት ዓመት የናፈቀችው ባሏ አጠገብ ስትተኛ ጉዞው አድክሞኛል እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። በዚህ በራሷ አፈረች፤ ፍርሃቱ ግን ከእፍረቱ በለጠ።

አርብ ዕለት ሐበሾች ለጸሎት ወደሚሰበሰቡበት ቤት ወሰዳት። አል ገራፋ ሰፈር በአንድ ቪላ የምትሠራው ለተማርያም ጓዳ አስገብታ እጇን ያዘቻት። ማዳሟ ብዙ ጊዜ ስለማትለቃት እስካሁን መጥታ ሳታጽናናት በመቅረቷ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሁሉም ሰው ይልቃልን በጸሎት እያሰበው እንደሆነ ነግራ፣ አንቺም ገና ወጣት ነሽ፣ ለራስሽ ተጠንቀቂ ብላ መከረቻት። ነፃነት ወደ ሳሎን ስትመለስ የባሏ ብርጭቆ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እሱ ጥግ ይዞ ይጫወታል፤ ምንም የጠረጠረ አይመስልም።

ቤት እንደገቡ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለተማርያም ያለቻትን ነገረችው።

«ይልቃል፣ ደምህን ተመርመር።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ የደበቃትን ነገራት። ባለፈው ዓመት ላቀው የሚባል የሥራ ጓደኛው የመሣሪያ ሣጥን እንደያዘ ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ወድቆ ሞቷል፤ ልቡ ነው ተባለ። በዕድሜም በውፍረትም እኩያው ነበር። ይልቃል በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መዘኑት፣ ቁመቱን ለኩት፤ ኪሎውን፣ በሜትር የተለካው ቁመቱ በራሱ ሲባዛ ለሚሰጠው ቁጥር አካፈሉት። ቦዲ ማስ ኢንዴክስ ይባላል። ይልቃል ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አራት፤ ውጤቱ ወደ ሠላሳ ሁለት ተጠጋ። ከሠላሳ በላይ ከባድ ውፍረት ነው፣ ከሃያ አምስት በታች አውርደው ተባለ። እሱም አወረደው።

«ሞትን ነው የሸሸሁት» አላት። «ሰው ሊሞት ነው ብሎ የሚያዝንልኝ አልመሰለኝም።»

ነፃነት አዘነችለት፤ ግን አላመነችውም። ሉቃስም ምክንያት አላጣም ነበር። ነገ አብረን እንሄዳለን አለችው።

ሐኪሙ ዶክተር ጃዕፈር ሱዳናዊ ናቸው። ይልቃል ሲገባ ቀና ብለው አዩትና ከወንበራቸው ተነሡ። በሦስት ወር ተመለስ ብለውት ነበር፤ የት ጠፋህ አሉት። መልሱን ሳይጠብቁ ሚዛኑ ላይ አቆሙት። ሃምሳ አራት ኪሎ።

«ስንት ላይ አቁም አልኩህ?»

«ከሃያ አምስት በታች ነው ያሉኝ። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለቀለም ሠንጠረዥ አሳዩት። ጤናማው ክብደት ወለልም ጣሪያም አለው አሉ፤ ከአሥራ ስምንት ነጥብ አምስት እስከ ሃያ አምስት። ለእሱ ቁመት ከሃምሳ ስድስት እስከ ሰባ አምስት ኪሎ መሆኑ ነው። እሱ አሁን አሥራ ስምንት እንኳ አይሞላም። ጤናማውን ክብደት ከላይ መጥቶ በታች አልፎታል። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር፣ ጡንቻን ከስብ እንደማይለይም ጨመሩለት፤ ስለዚህም ነበር ተመለስና ልይህ ያሉት።

ይልቃል ከሠንጠረዡ ፊት ተገትሮ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ያየው የላዩን መስመር ብቻ ነበር። ስለ ማዞር ሲጠየቅ ሚስቱን ሳያይ መለሰ። ሁለት ጊዜ መሰላል ላይ እያለ ዓይኑ ጨልሞበት፣ ብረቱን ይዞ ነው የተረፈው።

የደሙ ውጤት በሳምንቱ መጣ። የፈራችው በሽታ የለበትም። የደም ማነስ ግን አለበት፤ የልቡም ምት ከሚገባው በላይ ቀንሷል። ነፃነት ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ባሏ ጤነኛ እንዳልሆነ ማወቋ ትክክል ነበር፣ የሳተችው በሽታውን ነው። ይልቃል አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሰዉ ሁሉ ያየውን እኔ ብቻ እንዴት አላየሁትም እያለ ደጋግሞ ይጠይቃታል።

መብላት ካለመብላት ከበደው። ዶክተሩ ራሱን መመዘን ከለከሉት፣ ክሊኒክ ብቻ ይበቃል ብለው። ሚዛኗን ነፃነት ከቤት አወጣቻት። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሳህኑን እንደሞላ ትቶት ይነሣል፣ አንዳንድ ቀን እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እሷም ትቆጣለች፣ ተመልሳም ታባብለዋለች። ለተማርያም በእረፍቷ ቀን መጥታ በአንድ ትሪ አብራው በላች፤ ስለዚያች አርብ ግን ማንም አላነሣም።

መስከረም ሲጠባ ስልሳ ኪሎ ገባ።

አንድ አመሻሽ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ በባሕሩ ዳር መንገድ በኮርኒሽ ሲሄዱ፣ ይልቃል ራሱ ሻዋርማ እንግዛ አለ። ግማሹን በላና ቀሪውን በወረቀቱ ጠቀለለው። ጥቂት እንደ ሄዱ ቆመ፤ ወረቀቱን ፈትቶ መብላቱን ቀጠለ። ነፃነት ያላየች መስላ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።