ለባለ ላሞች ብቻ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ቦታው ይበቃናል። የሎርናን ነገር ላጫውታችሁ።

ሎርና ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ትስቃለች፤ ከዊስኮንሲን የደወለው ሽማግሌ ገበሬ ዴልበርት ግን አልሳቀም።

"የለም ማለት ምን ማለት ነው? የወተት ውል ገበያው ላይ አለ አይደል እንዴ?"

"ገበያው ላይማ አለ። እኛ ቤት ነው የሌለው።"

ሎርና የምትሠራው ቺካጎ፣ ስድስት ሰው ባለበት አንድ የደላሎች ቤት ነው። ገበሬ ገና ያላጨደውን በቆሎ፣ ገና ያላለበውን ወተት ዛሬ ዋጋ ቆርጦ በውል መሸጥ ይችላል፤ ደላላው ያንን ውል ካልከፈተለት ግን ገበያውን በሩቅ ነው የሚያየው። የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የምትወስነው ሎርና ናት። ደንቧም አንድ ነው፤ ደንበኛ ከውሉ ልውጣ ሲል የሚገበያየው ሰው የሚያጣበት ውል አይከፈትም።

"ስሚኝ ልጄ፣" አለ ዴልበርት። "ነገ ከብት ነጋዴው ይመጣል። የክረምቱን ወተት ዋጋ ዛሬ ካልቆረጥኩ ላሞቹን እሸጣለሁ። ልጄ ግሬታ ከትናንት ጀምሮ አኩርፋኛለች። ለመቶ ሃያዎቹም ስም አውጥታላቸዋለች እኮ!"

ሎርና ወደ ባልደረባዋ ወደ ኬኒ ዞረች። "የወተትን ገበያ ማን ነው የፈተነው?"

"እኔ ነኛ! በየዓመቱ!" አለ ኬኒ ዶናቱን እያላመጠ። "ገዢ የለ፣ ሻጭ የለ። መቃብር ነው።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"እንደ በቆሎው ነዋ፣ ጠዋት እንደገባሁ።"

ሎርና ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ "ዴልበርት፣ ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራሉ?" አለችው።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አልባለኋ!"

"ጎረቤቶችዎስ?"

"የእነሱስ ላሞች ራሳቸውን ያልባሉ እንዴ?"

ያንን ቤት ያቋቋሙት የእህል ሰዎች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወተትን በር በበቆሎ ሰዓት ሲያንኳኩ ኖረው፣ ቤቱ ባዶ ነው ብለው ዘግተውታል።

ቀትር ላይ፣ ገበሬው አልቦ ሲጨርስ፣ ሁለቱም የወተቱ ገበያ ስክሪን ላይ አፈጠጡ። ገዢው ዋጋ ይጠራል፣ ሻጩ ይመልሳል።

"ጉድ! እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?" አለ ኬኒ።

"በረት ውስጥ።"

"በይ ለሁሉም እንክፈተው! እኔም ትንሽ ልሞክር።"

"ገበያው ትንሽ ነው፣ ለሁሉም አይበቃም። አንተ ላም አለህ?"

"ድመት አለችኝ።"

ሎርና የተፈቀዱና ያልተፈቀዱ ውሎች ያሉበትን ዝርዝር ስባ ጻፈች፦ "ወተት፣ ተፈቅዷል። ለባለ ላሞች ብቻ፤ ከሚያልቡት በላይ እንዳይሸጡ።" ለዴልበርት ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ግሬታ ነበረች። ወሬውን ሰምታ የጮኸችው ጩኸት ኬኒን ከነዶናቱ አስደነበረው።

ሎርና ስልኩን ዘጋች፤ ዝርዝሩን ግን አልዘጋችውም። ያልተፈቀዱ አሥራ አንድ ውሎች፣ የጣውላውን ጨምሮ፣ ገና ከሥር ተደርድረዋል። እርሳሷን አነሳች።

"ኬኒ፣ የጣውላ ሰዎች ምሳ የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው?"

እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን "እዚህ ቤት ሰው የለም" ልትሉ ስትሉ፣ በስንት ሰዓት እንዳንኳኳችሁ አስታውሱልኝ።