ማንጎዋ የገባችው ቃል

በእነክዋ መንደር፣ በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፍሬ የከለከለ ዛፍ ገጀራ ተይዞበት ይመረመራል። አንድ ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ በዛፉ ፈንታ ይመልሳል። ዛፉ ሊያፈራ ቃል ከገባ እስከ ከርሞ አይነካም።

ክዋ ዘንድሮ ገጀራውን የሳለው ከልቡ ነው፤ ቦታውን ለዶሮ ቤት ፈልጎታል። ማንጎዋን የተከለችው ሚስቱ ንያን ሱሪዋን ጠቅልላ ዛፏ ላይ ወጣች።

«አንቺ ሰነፍ፣ ፍሬ ትሰጫለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?»

«እሰጣለሁ ጌታዬ። ግን በበጋ ውሃ የሚያጠጣኝ አጣሁ።»

ክዋ ቀና አለ። «ይሄ የዛፏ ነው ያንቺ?»

«የዛፏ ነው። እኔማ ስንቴ ነግሬህ የለ?»

«ስንት ትሰጫለሽ?»

«አሥር።»

«ሃያ በይ።»

«ሃያ፣ ካጠጣኸኝ።»

ክዋ እያጉረመረመ ገጀራውን አስቀምጦ ባልዲ ሊያመጣ ሄደ። ንያን ወዲያው አልወረደችም፤ ውሃው ከዛፏ ሥር ሲደርስ ከላይ ሆና ልታይ ፈለገች።