የመምህር ብዙነህ ጥንቸል

"ወይ እሷን ታወጣለህ፣ ወይ እኛ አንገባም!" አሉ እማማ ወለተ ገብርኤል፣ የቄሱ ባለቤት፣ የበሩን ደፍ ሳይረግጡ።

መምህር ብዙነህ ጥንቸሏን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆመ። ነገ የሚካኤል ጽዋ ተረኛ እሱ ነው። ሰቆጣ በመጣ በሦስት ዓመቱ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ገና ሰው ሊገባለት ነው፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ለወጥ የሚሆነው ጎመንም ተገዝቷል። እስከ ዛሬ እንኳን እንጀራ ሊቆርስለት፣ ውሃ የለመነው እንግዳ የለም። ጥንቸል በቤቱ አለቻ!

"እማማ፣ እኔ እኮ አልበላትም።"

"የማይበላውን አውሬ ጎመን እያጎረሰ የሚያሳድግ ማን አለ? እኔ ባምንህ ማኅበርተኛው አያምንህም፤ ሳህንህን እንኳ ይጸየፋል። ጫካ ስደዳት፣ ልጄ።"

"የቤት ናት፤ ቀበሮ ይበላታል።"

"ይብላታ! ሰው ይሻልሃል።"

እውነት ነው፣ ሰው ናፍቆታል። ግድግዳው እስኪሰለቸው ድረስ ብቻውን በልቷል። በቅርጫት ይዟት ከከተማው ወጣ፤ እርሻ ዳር አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተላት።

አልሄደችም። ጫማውን አሸተተች።

ሰቆጣ ከመምጣቱ በፊት ያስተማረባት ትንሽ ኮሌጅ ትዝ አለችው። ባዮሎጂ ሲያስተምር እንቁራሪቱን በሳፋ፣ እስስቱን ከነቅርንጫፉ፣ ኤሊውን በካርቶን ይዞ ነበር የሚገባው። ይህችን ጥንቸል ሠላሳ ተማሪ በየተራ ያቅፋታል፤ መዳፉን ጎኗ ላይ አድርጎ የልቧን ምት ይቆጥራል። ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ! አንድ ቀን ይታየሽ የምትባል ተማሪ ቁጥሩ ጠፋባትና፣ "መምህር፣ እንደኛው ትፈራለች እኮ" ብላ አለቀሰች። ወደ ሰቆጣ ትምህርት ቤት ሲዛወር ሌሎቹ እንስሳት ተበተኑ፤ እሷን ብቻ በጭነት መኪና፣ ኋላም በበቅሎ ይዟት መጣ። ያን ክፍል አብሮት ያየ ከእሷ ሌላ ማንም የለውም።

ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጎኗ ላይ አሳረፈ። መቁጠር ጀመረና ተወው።

ይዟት ሲመለስ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እማማ ወለተ ገብርኤል ቤት ወሰደው።

"ለሚቀጥለው ተረኛ ይለፍልኝ።"

"ወይ ጉድ! ለአንዲት ጥንቸል?"

"ምን ይደረግ፣ እማማ።"

"እንግዲህ ማን ሊገባልህ ነው?" አሉ፤ አሁን የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

እጅ ነስቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ለሃያ ሰው የተገዛውን ጎመን ፊቷ ዘረገፈላት።

"ብይ እንግዲህ" አላት አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ "እንግዳዬ አንቺው ነሽ።"