ቀርሽ የሚሉት ዓሣ

ጣሊያን ከልደታ ሰፈር አፍሶ ከወሰዳቸው ወንዶች አንዱ ሸዋንግዛው ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ያለችው ኖኩራ ደሴት ታሰረ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ። በኋላ ለማምለጥ ባሕር ገብቶ ቀረ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ እናቱ እመት ቦሰና ለቅሶ ልቀመጥ አሉ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ደግሞ በሟች ልብስ ነው የሚለቀሰው። ልብሱ ያለው ሚስቱ ወለተሰንበት ዘንድ ነው፤ እሷ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ልብሱን ከሰጠች ባሏን በገዛ እጇ ገደለችው ማለት ነው።

«ዋና ይችላል! አቃቂ ሞልቶ ሲወርድ ያቋርጥ የለም ወይ?» ትላለች። ሲብስባት ሳጥኑን ከፍታ ኮቱን ታሸታለች፤ ጠረኑ እየጠፋ መሄዱን ግን ለማንም አልተናገረችም። ናፍቋታል፤ ሌላ ምን ይባላል!

ለእስረኞቹ ውሃ በጀልባ ያመላልሱ የነበሩ ሙሐመድ የሚባሉ የምጽዋ ሽማግሌ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ከዘመዳቸው ሱቅ ማረፋቸውን ስትሰማ አማቷን ይዛ ሄደች።

«አባባ፣ የሸዋንግዛው ሚስት ነኝ። ባሕሩ ውስጥ ምን አለ?»

«ቀርሽ አለ፣ ልጄ።»

ዛሬ ሻርክ የምንለው ነው። ወለተሰንበት ዓሣ ሲባል የምታውቀው ከዝዋይ የሚመጣውን፣ ድስት የሚበቃውን ነው። ሽማግሌው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አልበቃ ቢላቸው ከሱቁ ግድግዳ እስከ ግድግዳ አሳዩዋት።

«አጥንት የለውም፤ ውስጡ እንደ ጆሮ ይተጣጠፋል። ጥርሱ ቢረግፍ ከኋላው ሌላ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዳንዱ ዓይነት ከቆመ ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ ሌት ተቀን ሲዋኝ ይኖራል።»

«ሰው ይበላል?»

«ሰው መች ይወዳል! ምግቡ ዓሣ ነው። ሰውንማ ብዙ ጊዜ አይቶ ያልፋል።»

ፊቷ በራ። «ሰሙ እማማ? አይቶ ያልፋል!»

እዚያ ላይ ብትነሣ ምን ነበረበት! እሷ ግን ቁርጡን ካላወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት።

«የማያልፈውስ መቼ ነው?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ደም ከሸተተው ነው። ባልሽ ድንጋይ ሲፈልጥ እግሩ ቆስሎ ይደማ ነበር። ባሕር ሲገባ ከጀልባዬ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ተመለስ ብዬ ጮህኩ። ጀልባዬ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ውሃው ቀላ።»

እመት ቦሰና «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ወለተሰንበት አላለቀሰችም።

«ልብሱን ይውሰዱ፣ እማማ» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ውሃው ይቀዘቅዛል?»

«የለም ልጄ፣ ለብ ያለ ነው።»

«ደግ። እሱ ብርድ አይችልም» አለች፤ እንባዋ የመጣው ይኼኔ ነው።